የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የፖሊሲና የገንዘብ ፈተናዎች፦ ወላጆችና የትምህርት ቤት ቦርዶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በአዲስ አበባ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ዊንጌት አካባቢ የሚኖር ወላጅ ልጁን ለማስመዝገብ ሲነሣ በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ምርጫ ይቀርብለታል። የመጀመሪያው የትምህርት ክፍያ የማይጠየቅበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛው በግል ባለሀብት የተቋቋመ ትምህርት ቤት ነው። ሦስተኛው፣ በሰፈሩ ባይገኝ እንኳ በታክሲ ተጉዞ የሚደረስበት፣ ኅብረተሰቡ በተለምዶ «ሚሲዮን» እያለ የሚጠራው በሃይማኖት ተቋም የሚተዳደር ትምህርት ቤት ነው። በዚህ በሦስተኛው ዘርፍ የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድራቸው ትምህርት ቤቶች ሰፊ ቦታ አላቸው። በአዲስ አበባ ብቻ የልደታ ካቴድራል፣ የቅዱስ ዮሴፍና የናዝሬት ትምህርት ቤቶችን የመሳሰሉት በብዙ ትውልድ ዘንድ የታወቁ ናቸው።

እነዚህን ትምህርት ቤቶች በተመለከተ ዜጎች ተደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች አሉ። ትምህርት ቤቱ ለትርፍ ያልተቋቋመ ከሆነ ስለምን ክፍያ ይጠይቃል? መንግሥት ስለምን አይደጉመውም? ክፍያው ሲጨምር የሚወስነው ማን ነው? ልጁ የሌላ እምነት ተከታይ ቢሆን ምን መብት አለው? ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች ከሕግ፣ ከታሪክና ከአሠራር አንጻር ማብራሪያ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

በሕግ ፊት ያላቸው ቦታ

የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሁለት ባሕርያትን አጣምሮ የያዘ ተቋም ነው። በባለቤትነቱ የሃይማኖት ተቋም ንብረት ነው፤ በሚሰጠው አገልግሎት ግን የአጠቃላይ ትምህርት ተቋም በመሆኑ እንደማንኛውም ትምህርት ቤት ፈቃድ ያወጣል፣ በየጊዜው ይገመገማል፣ ብሔራዊውን ሥርዓተ ትምህርት ያስተምራል፣ ተማሪዎቹንም ለክልላዊና ለብሔራዊ ፈተናዎች ያስቀምጣል።

ለዚህ አቋም መሠረቱ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ያዝዛል። አንቀጽ 27 የሃይማኖት ተከታዮች ሃይማኖታቸውን ለማስፋፋትና ለማደራጀት የሚያስችሏቸውን የትምህርትና የአስተዳደር ተቋማት እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በሚያምኑበት ሃይማኖት መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይገልጻል።

እነዚህ ሦስት አንቀጾች በአንድነት ሲነበቡ ለወላጆች ግልጽ የሆነ መልስ ይሰጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ማቋቋም ትችላለች። ሆኖም የሒሳብ፣ የሳይንስም ሆነ የቋንቋ ትምህርት የእምነት ማስተማሪያ ሊሆን አይገባም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተካተተው የግብረ ገብ ትምህርትም የጋራ እሴቶችን ለማስተማር የታሰበ እንጂ የአንድ ሃይማኖት ትምህርት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ካቶሊካውያን ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲታሰብ፣ ድንጋጌው ከወረቀት ያለፈ ተግባራዊ ትርጉም አለው። ትምህርት ቤቶቹ በሚገኙባቸው በአብዛኞቹ አካባቢዎች በሚሲዮን ትምህርት ቤት ግቢ ከሚታዩት ልጆች ብዙዎቹ ከኦርቶዶክስ፣ ከሙስሊምና ከፕሮቴስታንት ቤተሰቦች የመጡ መሆናቸው የሚጠበቅ ነው።

ከታሪክ የተወረሰው ስምምነት

የአሁኑ አሠራር በአንድ ጊዜ የተፈጠረ አይደለም። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሪቱን ለሚሲዮኖች «ክፍት» በሆኑና «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» በሆኑ አካባቢዎች ለይቶ ነበር። በኋለኞቹ አካባቢዎች ሚሲዮኖች ሐኪም ቤትና ከሃይማኖት ነፃ የሆነ ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ ሲፈቀድላቸው እምነታቸውን እንዲያስተምሩ ግን አልተፈቀደላቸውም። አዲስ አበባ ክፍት ከሆኑት ተመድባለች። የማስተማሪያ ቋንቋውም በአጠቃላይ አማርኛ እንዲሆን ተወስኗል። በመሆኑም «አስተምሩ፤ ነገር ግን በመንግሥት ሥርዓት አስተምሩ» የሚለው መርሕ ቢያንስ የሰማንያ ዓመት ዕድሜ አለው ማለት ይቻላል።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ግንኙነትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን እንዲያስተዳድሩ ተጋበዙ። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነበረ፤ መነኮሳቱም የክህነት ልብሳቸውን ሳይለብሱና እምነታቸውን ሳይሰብኩ በመምህርነት አገለገሉ። ከመካከላቸው ሉሲየን ማት እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በዚህ ሁኔታ ቤተ ክርስቲያን ባለሙያ፣ መንግሥት ደግሞ ባለቤትና በጀት መዳቢ ነበሩ። ዛሬ በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ባለቤትነቱም ወጪውም የቤተ ክርስቲያን ሲሆን የመንግሥት ድርሻ ሥርዓተ ትምህርት ማውጣትና መቆጣጠር ነው።

የገንዘብ ምንጩን በተመለከተ ወሳኙ ዓመት 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆኑ። የሃይማኖት ተቋማትን ጨምሮ ማንኛውም ድርጅት ከመሬትና ከኪራይ ቤት የሚያገኘው ቋሚ ገቢ ተቋረጠ። በብዙ አገሮች የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ከዘመናት በፊት በተሰጠ ርስት ወይም በተቀማጭ ሀብት ይደገፋሉ። በኢትዮጵያ ግን ይህ መሠረት ስለሌለ ትምህርት ቤቶቹ በዋናነት በተማሪ ክፍያና በውጭ በጎ አድራጊዎች ልገሳ ላይ ጥገኛ ሆነዋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የአንድ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ገቢ በአጠቃላይ በአራት ይከፈላል። አንደኛው ወላጆች የሚፈጽሙት ወርኃዊ ክፍያ ነው። ሁለተኛው ከሀገረ ስብከቱ ወይም ትምህርት ቤቱን ከሚያስተዳድረው የገዳማውያን ማኅበር የሚመጣ ድጋፍ ነው። ሦስተኛው ከውጭ አገር ለጋሾች የሚገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለግንባታ፣ ለቁሳቁስ ወይም ለችግረኛ ተማሪዎች ተለይቶ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። አራተኛው በሒሳብ መዝገብ ላይ እምብዛም የማይታየው የደናግልና የወንድሞች ጉልበት ነው። ርእሰ መምህርነትን፣ የሒሳብ ሥራንና ማስተማርን ያለ ሙሉ ደመወዝ የሚያከናውኑ ገዳማውያን ባሉበት ትምህርት ቤት ክፍያው ዝቅ ብሎ ሊቆይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመንግሥት በኩል መደበኛ የደመወዝም ሆነ የሥራ ማስኬጃ ድጎማ የለም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የተሰጠው የትምህርት ቤት ድጎማ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶችና ለአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ማዕከላት የታሰበ ነበር። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ የተስፋፋው የምገባ፣ የደንብ ልብስና የደብተር አቅርቦትም ያተኮረው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ላይ ነው።

ይህ የሆነው በቸልታ አይደለም፤ መነሻው የሕግና የአቅም ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 13 ወላጆች ዝቅተኛውን መስፈርት የሚያሟላ መንግሥታዊ ያልሆነ ትምህርት ቤት ለልጆቻቸው የመምረጥ ነፃነት እንዲከበርላቸው ያስገድዳል። ሆኖም የቃል ኪዳኑ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት፣ መንግሥታት እነዚህን ትምህርት ቤቶች በገንዘብ የመደገፍ ግዴታ እንደሌለባቸው፣ ለመደገፍ ከመረጡ ግን ያለ አድልዎ መሆን እንዳለበት አብራርቷል። ለአንዱ እምነት ትምህርት ቤት ድጎማ ከተሰጠ ለሌላውም በእኩል መስፈርት መስጠት የግድ ይሆናል ማለት ነው።

ዛሬ ያሉት ዋና ዋና ፈተናዎች

*አንደኛ፦ የመምህራን ደመወዝ።* የማንኛውም ትምህርት ቤት ትልቁ ወጪ ደመወዝ ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማስተካከያ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ጀማሪ ሠራተኛ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ማስተካከያው ለሠራተኛው ተገቢ እፎይታ ነው። ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ግን ከዚያው የሥራ ገበያ መምህር ስለሚቀጥሩ ተመጣጣኝ ጭማሪ ካላደረጉ ልምድ ያላቸውን መምህራን ማጣታቸው አይቀርም።

ይህ ጭማሪ በወላጅ ላይ የሚያሳድረውን ጫና በግምታዊ ስሌት ማየት ይቻላል። 600 ተማሪዎችና 30 መምህራን ያሉት ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ መምህር በወር 4,000 ብር ቢጨምር የዓመት ወጪው በ1,440,000 ብር ያድጋል። ሁሉም ተማሪዎች እኩል ቢካፈሉት ለአንድ ተማሪ በዓመት 2,400 ብር፣ በ10 ወር ክፍያ ሲሰላ በወር 240 ብር ይሆናል። ከተማሪዎቹ ሩቡ፣ ማለትም 150ዎቹ፣ በነፃ የሚማሩ ከሆኑ ግን ጭማሪውን የሚሸከሙት 450 ብቻ ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ በወር 320 ብር ይደርሳል። ትምህርት ቤቱ ለድሆች በሩን በሰፊው በከፈተ ቁጥር ከፍለው በሚያስተምሩት፣ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ወላጆች ላይ ያለው ሸክም ይከብዳል። በቦርዶች ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ከባዱ ምርጫ ይህ ነው።

*ሁለተኛ፦ የዋጋ ንረትና የውጭ ልገሳ።* ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። በዚህም ቀደም ሲል ከ60 ብር በታች የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በውጭ ገንዘብ የሚመጣ ልገሳ በብር ሲመነዘር በዝቷል፤ በሌላ በኩል ወረቀት፣ የቤተ ሙከራ ዕቃና ኮምፒዩተር ተወድደዋል። ልገሳ የሌለው ትምህርት ቤት ጉዳቱ ብቻ ደርሶታል። ከዚህም በላይ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የገዳማውያን ቁጥር እየቀነሰና እያረጀ በመሄዱ፣ ለረጅም ዘመን ባለሙያና ገንዘብ ሲልኩ የነበሩ ማኅበራት አቅም እየተዳከመ ነው። ያለ ደመወዝ ሲያገለግል የነበረን አንድ ገዳማዊ በቅጥር ሠራተኛ መተካት ለትምህርት ቤቱ አዲስ ወጪ ነው።

*ሦስተኛ፦ የክፍያ ቁጥጥር።* በአዲስ አበባ መንግሥታዊ ያልሆኑ ትምህርት ቤቶች ክፍያ ከመጨመራቸው በፊት ከወላጆች ጋር መወያየትና በከተማው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን በተዘረጋው አሠራር ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። አሠራሩ ወላጆችን ከዘፈቀደ ጭማሪ ለመጠበቅ የተዘረጋ ነው። ይሁን እንጂ በመቶኛ የሚሰላ ጭማሪ ከፍተኛና ዝቅተኛ በሚያስከፍሉ ትምህርት ቤቶች ላይ የሚያስከትለው ውጤት የተለያየ ነው። በወር 5,000 ብር የሚያስከፍል ትምህርት ቤት 20 በመቶ ሲጨምር 1,000 ብር ያገኛል፤ 500 ብር የሚያስከፍለው ግን በዚያው መቶኛ የሚያገኘው 100 ብር ብቻ ነው። የወረቀትና የኖራ ዋጋ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ለብዙ ዓመታት ክፍያውን ዝቅ አድርጎ የቆየ ትምህርት ቤት ለልግስናው ዋጋ የሚከፍልበት ሁኔታ ሊፈጠር እንደሚችል ማስተዋል ያስፈልጋል።

*አራተኛ፦ የደረጃ መስፈርቶች።* ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ትምህርት ቤቶች በግብዓት 25፣ በሂደት 35፣ በውጤት 40 በመቶ ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። 70 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኘ ትምህርት ቤት ደረጃ 3 ላይ ይደርሳል፤ ይህም መስፈርቱን ማሟላቱን ያሳያል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው የተተገበረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትና የ6፣ የ2፣ የ4 የክፍል አደረጃጀት ተጨማሪ ክፍሎች፣ ቤተ ሙከራዎችና መጻሕፍት ያስፈልጉታል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠራ ሕንፃ ይዞ በጠባብ ግቢ የሚያስተምር ትምህርት ቤት እነዚህን በአንድ ጊዜ ማሟላት ይከብደዋል። መስፈርቱ ግን ለልጆች ደኅንነትና ለትምህርት ጥራት የወጣ በመሆኑ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን የሚቀነስ አይደለም።

*አምስተኛ፦ የጥራት ፍላጎት።* በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። በዚህ ሁኔታ ጥሩ ውጤት ያስመዘግባሉ ተብለው የሚታመንባቸውን ትምህርት ቤቶች የሚፈልጉ ወላጆች ቁጥር መጨመሩ ተፈጥሯዊ ነው። ቦታው ግን ውስን ነው። ፈላጊው በበዛ ቁጥር ክፍያውን ወደ ላይ የመግፋት፣ መግቢያውንም በፈተና የማጥበብ ዝንባሌ ይጠናከራል፤ ለድሆች የተቋቋመው ትምህርት ቤት ቀስ በቀስ የመካከለኛና የከፍተኛ ገቢ ቤተሰቦች ትምህርት ቤት ይሆናል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄ በሌሎች አገሮችም የተለያየ መልስ አግኝቷል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የካናዳዋ ኦንታሪዮ ግዛት የካቶሊክ ትምህርት ቤት ቦርዶች በሕዝብ ገንዘብ ይተዳደራሉ። ይህ መብት እ.ኤ.አ. በ1867 ከወጣው የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ሕግ የመነጨ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ድጋፉ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ድረስ እንዲደርስ ተደርጓል። ይሁን እንጂ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1999 ለአንድ ሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ብቻ ድጋፍ መስጠት አድልዎ ነው ሲል ወስኗል። ሌሎቹ የካናዳ ግዛቶች ኬቤክና ኒውፋውንድላንድ በዚያው አሥርት ዓመት በሃይማኖት የተከፈለውን የቦርድ አደረጃጀት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ አስቀርተዋል። በኦንታሪዮ የቦርዶቹን በጀት ግዛቲቱ ስለምትወስን፣ ቦርዶቹ ከገንዘቡ ጋር የግዛቲቱን መመሪያም ይቀበላሉ። ስለ ራስ አስተዳደር የሚነሣው ክርክር በዚያ ያላባራው ስለዚህ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ ሌላ መንገድ ተከትላለች። በዚያ በአብያተ ክርስቲያናት የተመሠረቱ በርካታ ትምህርት ቤቶች የመንግሥት ሆነው፣ መምህራኖቻቸው በመንግሥት የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን ተቀጥረው ይከፈላቸዋል። ቤተ ክርስቲያኒቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የመሠረታዊ ትምህርት ሕግ «ስፖንሰር» ተብላ የምክርና የመንፈሳዊ ድጋፍ ሚና ይዛለች። መምህሩ ደመወዙን ያገኛል፤ የባለቤትነት ሥልጣኑ ግን ይሳሳል።

ሁለቱም ምሳሌዎች የሚያስረዱት፣ የሕዝብ ገንዘብ የሚገባበት ትምህርት ቤት የሕዝብ ተጠያቂነትንና የእኩልነት ጥያቄን ይዞ እንደሚገባ ነው። «መንግሥት ይደጉም» የሚል ወላጅም ሆነ ቦርድ ይህን አብሮ ማሰብ ይኖርበታል።

የትምህርት ቤት ቦርድ ኃላፊነት

በአገራችን የካቶሊክ ትምህርት ቤት ቦርድ የባለቤቱን፣ ማለትም የሀገረ ስብከቱን ወይም የገዳማውያኑን ማኅበር፣ ከትምህርት ቤቱ አስተዳደርና ከወላጆች ጋር የሚያገናኝ አካል ነው። ከወላጅ መምህር ኅብረት ጋር በቅርበት ሲሠራ ጠንካራ ይሆናል። ከላይ በተዘረዘሩት ፈተናዎች ፊት የሚከተሉት አሠራሮች የቦርዶችን ውሳኔ የተሻለ ያደርጉታል።

የመጀመሪያው የሒሳብ ግልጽነት ነው። ወላጅ የሚከፍለው ገንዘብ ምን ያህሉ ለደመወዝ፣ ምን ያህሉ ለጥገና፣ ምን ያህሉ ለነፃ ተማሪዎች እንደሚውል በቀላል ሰንጠረዥ ማሳየት ቅሬታን ያቃልላል። «ሚሲዮን ነው፤ ከውጭ ብዙ ገንዘብ ይመጣለታል» የሚለው ግምት የሚወገደው ቁጥሩ በይፋ ሲነገር ነው።

ሁለተኛው የነፃ ትምህርት ዕድል መስፈርትን በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው። ዕድሉ በትውውቅ ወይም በእምነት ሳይሆን በችግር መጠን እንደሚሰጥ መታወቅ አለበት።

ሦስተኛው ጭማሪን በዓመታት ከፋፍሎ አስቀድሞ ማቀድ ነው። ለአምስት ዓመት ምንም ሳይጨምር ቆይቶ በአንድ ጊዜ እጥፍ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ለራሱም ለወላጆችም ችግር ይፈጥራል።

አራተኛው የአገር ውስጥ ድጋፍን ማሳደግ ነው። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ተመርቀው በተለያየ የሥራ መስክ የተሠማሩ የቀድሞ ተማሪዎች በአገር ውስጥም በውጭም አሉ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ኅብረተሰቡ ለትምህርት ቤቶች ደረጃ መሻሻል በገንዘብ፣ በቁሳቁስና በጉልበት ሊያዋጣ እንደሚችል አሳይቷል። ይኸው ልማድ በሚሲዮን ትምህርት ቤቶችም ሊዳብር ይችላል።

አምስተኛው ሕጋዊ ዕድሎችን መጠቀም ነው። ለምሳሌ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለሚሠሩ የማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማት ቦታ ከጨረታ ውጪ በምደባ ሊሰጥ የሚችልበትን መንገድ አስቀምጧል። ማስፋፊያ የሚያስፈልገው ቦርድ ፕሮጀክቱን በሚገባ አዘጋጅቶ ለከተማው አስተዳደር ማቅረብ ይችላል።

ወላጆች ማወቅ የሚገባቸው

ልጃቸውን በካቶሊክ ትምህርት ቤት ለማስተማር የሚፈልጉ ወላጆች የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲያጤኑ ይመከራል።

• ከምዝገባ በፊት የትምህርት ቤቱ ፈቃድ የታደሰና ለሚፈለገው የክፍል ደረጃ የተሰጠ መሆኑን ይጠይቁ። ፈቃዱ እስከ 6ኛ ክፍል ብቻ ሆኖ 7ኛ ክፍል የሚያስተምር ተቋም ተማሪውን በፈተና ወቅት ችግር ላይ ይጥላል።

• የትምህርት ቤቱን የኢንስፔክሽን ደረጃ የማወቅ መብት አለዎት።

• የክፍያ ጭማሪ የሚወያዩበት ስብሰባ ሲጠራ ይገኙ። ያልተገኘ ወላጅ ሐሳቡ ሳይሰማ ውሳኔው ይተላለፋል። በስብሰባው የጭማሪው ምክንያት በቁጥር እንዲብራራ ይጠይቁ።

• መክፈል የሚያቅትዎ ከሆነ ልጅዎን ከትምህርት ከማስቀረትዎ በፊት ስለ ነፃ ወይም ስለ ከፊል ክፍያ ዕድል ርእሰ መምህሩን በጽሑፍ ይጠይቁ።

• ልጅዎ የሌላ እምነት ተከታይ ከሆነ በሃይማኖታዊ ሥርዓት እንዲሳተፍ ሊገደድ እንደማይገባ ይወቁ። በዚያው መጠን የትምህርት ቤቱን ሥነ ሥርዓትና የግቢውን ክብር ልጅዎ እንዲጠብቅ ይምከሩ።

• ቅሬታ ሲኖርዎ በቅድሚያ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደርና ለቦርዱ፣ መልስ ካላገኙ በየደረጃው ለወረዳና ለክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ፈቃድንና ክፍያን በሚመለከት ደግሞ ለከተማው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን ያቅርቡ። የክፍያ ደረሰኞችንና የተጻጻፉባቸውን ደብዳቤዎች ይያዙ።

በአደጋ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ዊንጌት ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ ከተከፈተው የጀነራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ያ ትምህርት ቤት የካቶሊክ አልነበረም፤ ታሪኩ ግን ለዚህ ጉዳይ ትምህርት ይሰጣል። ለዓመታት በውጭ ድጋፍና በውጭ መምህራን ሲመራ ቆይቶ ዘመኑ ሲለወጥ በመንግሥት እጅ ገባ፤ ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የአካባቢውን ወጣቶች ሙያ ያስተምራል። የውጭ ድጋፍ ይዋል ይደር እንጂ መጨረሻ አለው። ትምህርት ቤቱ ጸንቶ የሚቆየው በዚያን ጊዜ ሸክሙን የሚረከብ የአገር ውስጥ አቅም ከተገኘ ነው።

የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችም ከዚህ መሰል መሻገሪያ ላይ ደርሰዋል። አቅማቸውን በክፍያ ብቻ ለመሙላት ከመረጡ ጥራታቸው ይጠበቃል፤ የተቋቋሙላቸው ልጆች ግን በሩ ላይ ይቀራሉ። ክፍያውን ዝቅ አድርገው ከቀጠሉ መምህራኖቻቸውን ያጣሉ፤ ከጊዜ በኋላም ሊዘጉ ይችላሉ። አንድ ዝቅተኛ ክፍያ ያለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪዎቹ የትም አይበተኑም፤ አስቀድሞ በተጨናነቀው የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ይደመራሉ፤ ወጪያቸውም በሙሉ በሕዝብ በጀት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ከእነዚህ ሁለት መንገዶች ውጪ ያለው መንገድ በባለቤቱ፣ በወላጁ፣ በቀድሞ ተማሪውና በመንግሥት መካከል ሸክሙን በግልጽ መከፋፈል ነው። ከእምነት አንጻር አድልዎ የሌለበት፣ የተማሪውን ችግር መሠረት ያደረገ ድጋፍ፣ ለምሳሌ መማሪያ መጻሕፍትና የመምህራን ሥልጠና ለሁሉም ልጆች እንዲደርስ ማድረግ፣ ከሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት መርሕ ጋር ተጣጥሞ ሊታሰብ የሚችል ጉዳይ ነው። ድጋፉ የሚከተለው ትምህርት ቤቱን ሳይሆን ልጁን ከሆነ፣ የሚነሣው የአድልዎ ጥያቄ በእጅጉ ይቀንሳል።

ወላጆች፣ የቦርድ አባላትና የሃይማኖት ተቋማት በየአካባቢያቸው በሚደረጉ የትምህርት መድረኮች ተገኝተው፣ ከግምት ይልቅ በቁጥር የተደገፈ ሐሳብ በማቅረብ የውይይቱ አካል እንዲሆኑ ጥሪ ይቀርባል። ለተጨማሪ መረጃ በአቅራቢያ የሚገኘውን የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በአካል በመቅረብ መጠየቅ ይቻላል።